ከነቆቡ አይወጣም

ሰው "ልጅህ ምን ትሠራለች?" ሲለኝ "ጥርስ ሐኪም ቤት፣ ካርድ ክፍል" ብዬ ነበር የምመልሰው። ውሸት አይደለም፣ ትሠራለች። ከዚያ ስትመለስ ግን ጓዳ ገብታ ተውኔት ትጽፍ ነበር። እሱን ለሰው አላወራም። ምኑን ላውራው? እኔ አናጢ ነኝ። የሠራሁት ላይ ሰው ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ልብሱን ይሰቅላል። ተውኔት ላይ ማን ይቀመጣል? "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" እያልኩ ስቀልድባት ትስቃለች እንጂ አትመልስልኝም። ቁጣን ከእኔ ወርሳለች፣ ትዕግሥትን ከእናቷ። ለእኔ የምታወጣው ትዕግሥቱን ነበር።

በሠፈራችን አንድ አሮጌ የጎማ መጋዘን አለ። ጎማው ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ ሽታው ግን እንዳለ ነው። እዚያ ውስጥ በየዓመቱ የአጫጭር ተውኔቶች ፌስቲቫል ይደረጋል። ትልቁ ቲያትር ቤት ዞር ብሎ የማያያቸው ልጆች ሁሉ ጠረጴዛቸውንና ወንበራቸውን እየተሸከሙ ይመጣሉ፤ በሁለት ቀን አሥራ ሁለት ተውኔት ይታያል። አንደኛ የወጣው ትልቁ ቲያትር ቤት ገብቶ አንድ ወር ሙሉ ይታያል። ሕጉ አጭር ነው፣ ክፉም ነው፤ ለአንድ ተውኔት አሥራ አምስት ደቂቃ። ሰዓት ያዧ የሚሏት ሴት አለች፤ መብራት ማጥፊያው ሥር ወንበር ስባ ትቀመጣለች። አንድ ደቂቃ ሲቀር ቀይ ካርቶን ታነሳለች። አሥራ አምስት ሲሞላ መብራቱን ድርግም! ብትሞት አትሰማህም፣ ብትወልድ አትሰማህም። መብራት የጠፋበት ደግሞ ከውድድር ወጣ ማለት ነው።

አምና ልጄ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀር ጠፋ። አንድ! ተዋናዩ ጨለማው ውስጥ ጨረሰው፤ ማን ሊቆጥርላት? ያን ቀን ቤት ገብታ አላለቀሰችም፤ ቢያስፈራኝ ይሄ ነው ያስፈራኝ። ዘንድሮ ደግሞ ለእናቷ ቁርጧን ነገረቻት። "እማዬ፣ አሁን ካልሆነ እተወዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ቢሮ ገብቼ ማህተም እየመታሁ እኖራለሁ።" ይህን የነገረችኝ እናቷ ናት። ተዪው፣ ተዪው ስል የኖርኩት እኔው ነኝ፤ ልትተወው ነው ሲባል ግን ቆሽቴ አረረ። የእኔ ልጅ ማህተም ልትመታ! ማህተምማ ማንም ይመታል።

የዘንድሮው ተውኔቷ ስለ አንድ እህትና ወንድም ነው። እናታቸው ሞተች፣ ቤቱ ተሸጠ። ዕቃውን በዝርዝር ጽፈው፣ ማንኪያ ሳይቀር ተካፍለዋል፤ የቀረው የእናትየው ቁም ሳጥን ብቻ ነው። ገዢው ሳይመጣ በበሩ ማውጣት አለባቸው። እየገፉ ይጣላሉ፣ እየተጣሉ ይገፋሉ። በመጨረሻ ቁም ሳጥኑ ይወጣል፤ ወንድምየው አብሮ ይወጣል፤ እህትየዋ ባዶው ግድግዳ ፊት ብቻዋን ትቀርና አንዲት ነገር ትናገራለች። አለቀ። እህትየዋን የምትጫወተው ራሷ ናት። ወንድምየውን የሚጫወተው ቀን ቀን መድኃኒት ቤት የሚሠራ ልጅ ነው፤ ፋርማሲስቱ እንበለው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክንዱ ግን የመጥረጊያ እጀታ ነው የሚያክለው።

"አባዬ፣ የመኝታ ቤቱን ቁም ሳጥን አውሰኝ" አለችኝ።

ይሄ ቁም ሳጥን እናቷን ያገባሁ ጊዜ የሠራሁት ነው። ጠበብ ያለ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ። ከላዩ ላይ የሚደፋ ጌጥ ነበረው፤ በእኔ ወርክሾፕ "ቆቡ" እንለዋለን። አሁን ያለንበት ቤት ስንገባ ጣሪያው ዝቅ ያለ ሆኖ ቆቡን አውልቄ ወርክሾፕ አስቀመጥኩት። ቁም ሳጥኑ ያለ ቆብ ስምንት ዓመት ኖረ።

"ውሰጂው" አልኳት። "ጭረቱን ላጥፋልሽ፣ ትንሽ ቫርኒሽ ላስነካው..."

"አይሆንም! በሞቴ አባዬ፣ እንዳለ ነው የምፈልገው። ምንም እንዳትነካው። ደግሞ እንደዚያኛው ጊዜ እንዳታደርገኝ፤ መጥተህ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ።"

ያኛው ጊዜ ያለችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የሌሎች ልጆች ተውኔት እያየን ተዋናዩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ ሲል ከመቀመጫዬ ተነስቼ "አትውጣበት፣ ይወድቃል!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ልጁም ወጣበት። ወደቀም። አላጠፋሁም! ልጄ ግን ለአንድ ሳምንት አኩርፋኝ ነበር። እንዳልናገርም እንዳልነካም ምዬ ተገዘትኩላት። የበሩን መቃን ላበጅልሽ ስላትም "አንተ ከነካኸው ቤተ መንግሥት ታደርገዋለህ" ብላ ከፋርማሲስቱ ጋር ሆነው በቁርጥራጭ ጣውላ መቱት። ምስማሩን አጣመው ነው የመቱት። አየሁ፣ ዝም አልኩ።

የሚታይበት እሑድ ደረሰ። ልጄና እናቷ ልብሱን ይዘው ማለዳ ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ቁም ሳጥኑን ሠራተኞቼ በዋዜማው ግቢ አውጥተው አቁመውታል፤ እኔ መኪናው በአራት ሰዓት መጥቶ እስኪጭነው ቤት ቀረሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ አየሁት። ኮፍያውን የተነጠቀ ዘበኛ ነው የሚመስለው። ሁለት መቶ ሰው ሊያየው ነው። ከወርክሾፔ ዝቅ ብሎ የሚሠራው ተፎካካሪዬ፣ የታችኛው አናጢ፣ ከነቤተሰቡ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ፤ ያ ሰው አፍንጫውን ነፍቶ "ይሄን ነው ለሚስቱ የሠራላት?" ሲል ታየኝ። ደሜ ፈላ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጠዋት ስለ ተውኔቱ አላሰብኩም፤ ስለ ስሜ ነው ያሰብኩት። ወርክሾፕ ሮጬ ቆቡን አመጣሁ። በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረግኩት፣ ቫርኒሽ አስነካሁት፣ ችንካሮቹን በቀዳዳቸው አስገብቼ ከላይ መታ መታ አደረግኩ። ግጥም! አቤት ማማሩ! መኪናው ሲመጣ ቆቡ እንዳይታይ መጀመሪያ በአንሶላ ሸፍኜ፣ በላዩ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩትና ላክሁት። መድረኩ ላይም የሚቆመው አንሶላውን እንደለበሰ ነው፤ ተውኔቱ ሲጀመር ዕቃው ሁሉ እንደተሸፈነ ነውና። ልጄ የምታየው ከሰው ጋር እኩል ነው።

ቁም ሳጥን ከነቆቡ በበር እንደማይወጣ የማያውቅ አናጢ የለም። ለማጓጓዝ መጀመሪያ ቆብ ይወልቃል፤ ይህን ለሠራተኞቼ ስንት ጊዜ ጮኼባቸዋለሁ! ያን ጠዋት ግን ወንድና ሴት ሆነው በመቃን ውስጥ የሚገፉት ነገር መሆኑ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፍቷል። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። አወጣሁት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባን። መጋዘኑ ጢም ብሏል። እኔና የልጆቼ እናት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን፣ የታችኛው አናጢ ከኋላችን። የልጄ ተራ አራተኛ ነበር። መብራቱ በራ፣ ሰዓት ያዧ ሰዓቷን ጫን አደረገች።

ጥሩ ጀመሩ። ዝርዝሩን እያነበቡ "ድስቱ የኔ፣ ክዳኑ ያንተ" ሲባባሉ ሰው ሳቀ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ፋርማሲስቱ አንሶላውን ሳብ አደረገው።

ከኋላዬ "ውይ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የታችኛው አናጢ ነው። ደረቴን ነፋሁ። ልጄ ቁም ሳጥኑን ቀና ብላ ስታይ ግን ለአንዲት ቅጽበት ቃሏን አቆመች። ከዚያ ቀጠለች። ደስ ብሏት ነው ብዬ አሰብኩ፣ ሞኙ!

የልጆቼ እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ቆቡን መቼ መለስከው?"

"ጠዋት። አላማረም?"

"ያምራል።" መቃኑን አየች፣ ቁም ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች። "አንተ ሰው፣ በዚያ በር ይወጣል?"

 ዓይኔ ሜትር ነው፤ ከመቀመጫዬ ሆኜ ለካሁት። አራት ጣት። ከመቃኑ አራት ጣት ይረዝማል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።  ሌላውን ደቂቃ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ አንድ ቃል አልሰማሁም። የማየው ያንን መቃን ብቻ ነው።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፈው መግፋት ጀመሩ። ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተ፣ ጓ! ቆቡ የመቃኑን ጉበን ከላይ መታው። መቃኑ ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ። ያ የተጣመመ ምስማር ሲንጫጫ ሰማሁት። ፋርማሲስቱ እንደገና ገፋ። ጓ! ከዚህ በላይ ከተገፋ መቃኑ በሰው ላይ ይወድቃል። "ግፊ እንጂ" አለ። ተውኔቱ ላይ ያለ ቃል ነው። ቀጥሎ ያለው ቃል ቁም ሳጥኑ ከወጣ በኋላ የሚባል ስለሆነ እንደገና "ግፊ እንጂ" አለ። ሰው ይስቃል። የተውኔቱ አካል መስሎታል። ፋርማሲስቱ ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

አሥር ደቂቃ አለፈ። አሥራ አንድ ሆነ።

ተነሳሁ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እግሬ ራሱ ነው ያነሳኝ። "ቆቡን አውልቁት!" ልል አፌን ከፍቻለሁ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ራሴ ላወልቀው ነበር፤ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ናት። ልጄ ከመድረኩ ላይ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። እናቷ እኔን ዝም የምታሰኝበት አንድ አስተያየት አለ፤ እሱን አየችኝ። ተቀመጥ ነው የሚለው።

ይሄ በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ ነው፤ ተቀመጥኩ። የልጆቼ እናት ክንዴን ይዛ ጥፍሯን ሰካችብኝ። ደግሞ አሁን ሌላ ጣጣ መጣብኝ። ጠዋት ችንካሩ ላይ ኮላ ነካ አድርጌ ይሆን? ኮላው አጠገቤ ነበር። በልማድ እጄ ሄዶ ከሆነስ? ከተጣበቀ በመጋዝ ካልሆነ አይወልቅም። አላስታውስም! የሠራሁትን የማላስታውስ ሰው አይደለሁም፣ ያን ጊዜ ግን ራሴ ባዶ ሆነ።

ልጄ መግፋቷን ተወች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቁም ሳጥኑን ወደ ላይ አየችው። ከዚያ ለፋርማሲስቱ፣ ማለቴ ለወንድሟ፣ "አቁም። እንጨት በጉልበት አይታዘዝም" አለችው።

እንዴ! ይሄ የእኔ ቃል ነው። ወርክሾፕ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ የምለው።

ፋርማሲስቱ አፉን ከፍቶ ቆመ። ይህ ቃል ተውኔቱ ውስጥ የለም።

"ወንበሩን አምጣ" አለችው። አመጣ። ወጣችበት። "ቆብ ያለው ቁም ሳጥን ስትገፋ ትውላለህ እንጂ በበር አይወጣልህም። መጀመሪያ ቆቡ ይወልቃል።"

"ተጣብቆ ከሆነስ?" አላት። ጎበዝ፣ ገባው!

"አይጣበቅም። ይሄን የሠራው ሰው ቁጡ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። ቆብ በኮላ አይመታም። ለምን ቢሉት፣ ሰው ቤት ይቀይራል።"

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ይህን ቃል ለሠራተኞቼ ስናገር እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ደብተሯን የምታይ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔን ነው የምታየው! በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን መዶሻ አንስታ አላየሁም፤ ሙያዬን ንቃው ነው ብዬ ውስጤን ሲያመኝ ኖሯል። ይኸው አሁን ሁለት መቶ ሰው ፊት ጣቶቿን አጥፋ፣ በመዳፏ ግርጌ የቆቡን የግራ ማዕዘን ከሥር መታችው። ግራውን! ቀኙን መጀመሪያ የመታ ሰው ችንካሩን ይሰብረዋል፤ ይህን የምናውቀው እኔና ሠራተኞቼ ብቻ ነን። ጠ! አለ። ቀኙን መታችው። ጠ! ኮላ የለውም፤ ተመስገን! ቆቡ ብድግ ብሎ እጇ ላይ መጣ።

"ጎሽ የኔ ልጅ" አልኩ በሹክሹክታ። ብዙም ሹክሹክታ አልነበረም መሰለኝ፣ ሰው ዞሮ አይቶኛል።

ቆቡን ለወንድሟ አቀበለችው። እሱም ተቀብሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆመና ሌላኛውን እጁን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ዝርዝሩን አወጣ። አንገቱን ደፍቶ ፈለገ።

"ይሄ ዝርዝሩ ላይ የለም" አላት።

ሰው እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ልጄም ወንበሩ ላይ እንደቆመች ትንሽ አሰበች። ስታስብ አየኋት፤ ያንን ማንም አልጻፈላትም።

"እንግዲያው የሁለታችንም ነው" አለችው።

በተውኔቱ ሙሉ "የኔ፣ ያንተ" ሲባባሉ የቆዩ ናቸው። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ መሐረባቸውን አወጡ።

ቀዩ ካርቶን ተነሳ። አንድ ደቂቃ! ፋርማሲስቱ ቆቡን በብብቱ ይዞ በአንድ ትከሻው፣ እሷ በሁለት እጇ ገፉት። ቁም ሳጥኑ በመቃኑ ውስጥ ያለ ኮሽታ ሹልክ ብሎ ወጣ። ልጁም ተከትሎት ወጣ። እሷ ብቻዋን ቀረች። ሰዓት ያዧ እጇን ማጥፊያው ላይ አድርጋለች። ተናገሪ እንጂ! አልተቻኮለችም። ግድግዳውን አየችው፣ ዳሰሰችው።

"ግድግዳችን እንዲህ ነጭ ነበር እንዴ?" አለች።

ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። መብራቱ እንደበራ ነው። በኋላ እንደነገሩን አራት ሰከንድ ቀርቷት ነበር። ዝም በል ያለችኝ ተውኔቱ እስኪያልቅ ነው፤ አልቋል፤ ተነስቼ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ "የኔ ልጅ ናት! የኔ!" አልኩ። ዞሬ የታችኛውን አናጢ አየሁት። እያጨበጨበ ነው። እሱም ሰው ነው ለካ።

ሁሉም ተውኔት ካበቃ በኋላ ዳኞቹ ወጡ። አንደኛዋ በትልቁ ቲያትር ቤት የኖሩ አዘጋጅ ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ቃላቸው ቁጥብ ነው። የልጄን ተውኔት ስም ጠሩ። አንደኛ! እናቷ እልል ስትል እኔ ወንበሩን ጨብጬ ቆምኩ። ሴትዮዋ ልጄን መድረክ ላይ አቁመው፣ "ከስድስት ወር በፊት ያነበብኩት ጽሑፍ ላይ የቆቡ ነገር አልነበረም። ተውኔቱ ነፍስ የዘራው እዚያ ላይ ነው። ማን አሰበው?" አሏት።

ልጄ ከመድረኩ ላይ ሆና ፈለገችኝ። አገኘችኝ።

"አባቴ ነው ያሰበው" አለች። "እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የቆመው። አናጢ ነው።"

ሁለት መቶ ሰው ዞሮ አጨበጨበልኝ። እሷ ግን ፈገግ እያለች የምታየኝ ዓይኗ ያቃጥላል። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ሠራተኛ ሲያበላሽ እኔው ነኝ የማየው እንደዚያ።

ሕዝቡ ሲወጣ ክንዴን ይዛ ከመጋዘኑ ጀርባ ወሰደችኝ። እቅፍ ታደርገኛለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር።

"ነካኸው!"

"ትንሽ ብቻ..."

"ትንሽ? አራት ጣት ትንሽ ነው? ስንት ጊዜ ነው አንድ ነገር የሚነገርህ? ጆሮህ ለጌጥ ነው? ፊት ለካ፣ ኋላ ምታ! የሰው ሥራ ላይ ሳትጠይቅ እጅህን አታስገባ! አራት ሰከንድ አባዬ! አራት ሰከንድ ነበር የቀረኝ!"

ቃል በቃል እኔ ነኝ። ጣቷን ስታወዛውዝ እንኳ እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥተውኝ አያውቁም፤ እንደዚያም ኮርቼ አላውቅም። እሷ ትጮሃለች፣ እኔ እንባዬ ይወርዳል፣ አፌ ደግሞ ጆሮዬ ድረስ ተከፍቷል። ይህን ስታይ የባሰ ተናደደች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ አለቀሰች። አምናን ጭምር ነው ያለቀሰችው። አቀፍኳት።

አፍንጫዋን ጠራርጋ ስታበቃ ድምፅዋን አስተካከለች። "ለትልቁ ቲያትር ቤት አዲስ ቁም ሳጥን ያስፈልገኛል። ሠላሳ ቀን፣ በየቀኑ ቆቡ ወልቆ የሚገባ። አንተ ነህ የምትሠራው። ልኬቱን የምሰጠው ግን እኔ ነኝ። አንዲት ጣት ብትጨምርበት..."

"እሺ" አልኳት።

የልጆቼ እናት ከፋርማሲስቱ ጋር ከኋላችን መጥታ ኖሮ ክው ብላ ቆመች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ልኬት ነግሮኝ እሺ ያልኩት ሰው የለም፤ ደንበኛ ሜትሩን ይዞ ሲመጣ "ተወው፣ እኔ አውቃለሁ" ብዬ ነው የምመልሰው። ከኮቴ ኪስ እርሳሴን አወጣሁ። ወረቀት አልያዝኩም፤ የተውኔቱን ዝርዝር ከፋርማሲስቱ ተቀብዬ ጀርባውን ገለበጥኩት።

"ተናገሪ" አልኳት።

ነገረችኝ፤ ጻፍኩ። ቁመቱን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።